የተሰነጠቀ ዳሽቦርድና የነጣ ኮንሶል፦ የ1981 መርሴዲስ 123

ቀዩ ናፍጣ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራች መርሴዲስ 123 ናፍጣ ናት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ላሜራዋንም ዝገት አልነካውም። ውስጧን ግን ፀሐይ ጨርሳዋለች። ዳሽቦርዱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ሁለቱ ስንጥቆች ከአየር መውጫዎቹ ጥግ ይጀምራሉ፣ ሦስተኛው ከፊት መስታወቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ሾፌሩ ይወርዳል። የስንጥቁ ከንፈር ወደ ላይ ተቀልብሷል፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ ስፖንጅ ጣት ሲነካው ይረግፋል። ጥቁሩ የመሃል ኮንሶል አመድማ ሆኗል። ከተሳፋሪው ፊት ያለው የዕቃ ሳጥን ክዳን አንዱ ማጠፊያው ተሰብሮ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል።

የቀድሞው ባለቤት የሚያብረቀርቅ ቅባት ይወዱ ነበር መሰለኝ፣ የነካሁት ሁሉ ያዳልጣል።

ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት በእጄ አለ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፣ አለስልሼ፣ በጥቁር ስፕሬይ ቀለም ብጨርሰው ምን ትላላችሁ?

ጋሼ ትራፓኖ፦
ስቱኮውን ለላሜራ አስቀምጠው ልጄ። ዳሽቦርድ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ማታ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። ስቱኮ ከደረቀ በኋላ አብሮት አይለጠጥም፤ በስንጥቁ ዳርና ዳር ቀጭን መስመር ያወጣና ከነቀለሙ ይላቀቃል። እንዲህ ተደርገው የመጡልኝን ዳሽቦርዶች ስፈታ ስቱኮው ሙሉ ቁራጭ ሆኖ እጄ ላይ ይወድቃል።

የሚያስፈልግህ ደርቆም የሚተጣጠፍ መሙያ ነው። አሠራሩን ማታ ተመልሼ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን መኪና ሥር ነኝ።

ጥንት ጥንቱን፦
እኔ ጨርሶ አትንካው ባይ ነኝ። ስንጥቅ ያለበት የፋብሪካ ዳሽቦርድ፣ ከተቀባና ከተለጠፈ ዳሽቦርድ ይሻላል። ካላስቻለህ ደህናውን ፈልገህ ቀይረው። ከዚህ ሞዴል ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመርቷል፤ መለዋወጫ አይጠፋም።

ቀዩ ናፍጣ፦
አይጠፋም፤ እስካሁን ያየኋቸው ግን ከእኔው የባሱ ናቸው። ፀሐይ የሁሉንም እኩል ነው የመታችው።

ሞለኪውል፦
ሰላም። ሥራዬ ከፖሊመር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስለ መሙያና ስለ ቀለም ከመነጋገራችን በፊት እያንዳንዱ ክፍል ከምን እንደተሠራ መታወቅ አለበት። በአንድ መኪና ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ ይገኛል፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ያበላሻል።

የዳሽቦርዱ የላይኛው ቆዳ ፒቪሲ ነው፤ ከሥሩ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ አለ፣ ከዚያም ጠንካራ አካል። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የውሃ ቱቦም ከእርሱ ይሠራል። የሚለሰልሰው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ዘይት መሰል ኬሚካል ሲጨመርበት ነው፤ በዚያ ዘመን በብዛት ፋታሌት ነበር። ይህ ኬሚካል ከፒቪሲው ጋር በኬሚካላዊ ማሰሪያ አልተያያዘም፤ በመካከሉ ተቀምጧል እንጂ። በሙቀት ቀስ በቀስ ይወጣል። በፊት መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል የሚቀመጠው ቅባታማ ጭጋግ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ኬሚካሉ በወጣ ቁጥር ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠባልም። ዳርና ዳሩ ግን ተይዟል፤ ወዴትም መሰብሰብ አይችልም። ስለዚህ ውጥረቱ በሚከማችበት ቦታ፣ ማለትም በቀዳዳ ጥግ ላይ፣ ይቀደዳል። ስንጥቆችህ ከአየር መውጫ ጥግ መጀመራቸው አጋጣሚ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው የማይወደው ነው፦ የወጣውን ኬሚካል በቅባት መመለስ አይቻልም። ከላይ የሚቀባ ማንኛውም ነገር ለዓይን እንጂ ለቆዳው አይደርስም።

ኮንሶሉና ክዳኑ ጠንካራ ስለሆኑ ኤቢኤስ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ሊሆኑ ይችላሉ። አዳዲስ መኪኖች ላይ የፕላስቲኩ ምህጻረ ቃል ከጀርባው ታትሞ ይገኛል፤ በ1981 መኪና ላይ ግን አትጠብቀው። እንዲህ ፈትሽ፦ ከማይታይ ቦታ፣ ከጀርባው፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ፍቅፋቂ ውሰድና ውሃ ውስጥ ጣላት። ሳሙና ጠብ አድርግበት፣ አለዚያ የአየር አረፋ ያንሳፍፋትና ያሳስትሃል። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል (ውሃን 1 ብንል 0.9 ገደማ) ይንሳፈፋል፤ ኤቢኤስ (1.05 ገደማ) ይሰምጣል። ጨው እስኪጠግብ በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ኤቢኤሱ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ፒቪሲ ግን እዚያም ይሰምጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። ታልክ የሚባል የማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ስለሚከብድ ልክ እንደ ኤቢኤስ ሊሰምጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፈራጁ አሴቶን የሚባለው ማሟሟያ ፈሳሽ ነው፦ ከጀርባው አንድ ጠብታ አድርግበት። ኤቢኤስ ከሆነ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ አሴቶኑ ተንኖ ይጠፋል፣ ምንም አይሆንም።

በእሳት መፈተሽንም ሰዎች ይመክራሉ። እኔ አልመክርም፤ ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይወጣዋል፣ ይህም ሳንባን ይጎዳል።

ቀለም በልክ፦
እህቴ፣ ስለ ቅባቱ ያልሽው በወርቅ ይጻፍ። እኔ ከቀለሙ በኩል ልጨምርበት። እነዚያ ማብረቅረቂያዎች አብዛኞቹ ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን ባለበት ላይ ቀለም ብትረጭ ቀለሙ ይሸሻል፤ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ይከፈታሉ፣ ከሥራቸው የድሮው ፕላስቲክ ያፈጥብሃል። ደግመህ ብትረጭበት ጉድጓዱ ይጠልቃል እንጂ አይሞላም።

ስለዚህ ቀዩ፣ የሥራህ ግማሽ እጥበት ነው። ቀድመህ በሞቀ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ የቆዳውን ሽብሽብ ውስጥ ድረስ እጠብ። አጥበህ ካደረቅህ በኋላ ቅባትና ሰም ለማስለቀቅ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ማጽጃ በአንድ ጨርቅ ቀብተህ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ አንሣው። ያው ጨርቅ ሁለቱን ከሠራ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ብቻ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ከዚህ በፊት እንዳይነካው፤ ሲሊኮኑን ወደ ጭረቱ ውስጥ ትቀብረዋለህ።

መጥራቱን በውሃ እወቅ። ውሃ ስትረጭበት እንደ አንድ ስስ ንጣፍ ከተዘረጋ ንጹህ ነው፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ወደ ሳሙናው ተመለስ።

ጥንት ጥንቱን፦
ይኸው፣ እጥበቱ ብቻ ግማሹን መኪና ይመልሰዋል። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ።

ቀዩ ናፍጣ፦
በእውነት አመሰግናለሁ። አጥቤ ፈተሽኩ። የታጠበበት ውሃ ቡና መሰለ፤ ኮንሶሉም ደረቀና ከበፊቱ ይበልጥ ነጣ፣ እውነተኛ መልኩ ይህ ነበር ማለት ነው።

የፍተሻው ውጤት፦ የኮንሶሉ ፍቅፋቂ ሰመጠ፣ በጨው ውሃ ተንሳፈፈ፣ በአሴቶን ጣቴ ላይ ተጣበቀ። የዕቃ ሳጥኑ ክዳንም እንደዚሁ። የመቀመጫው ሥር ሽፋን ግን በተራ ውሃም ተንሳፈፈ፤ አሴቶኑም አልነካውም።

ሞለኪውል፦
እንግዲህ ኮንሶሉና ክዳኑ ኤቢኤስ ናቸው። ደስ ይበልህ፤ ኤቢኤስ ለጥገና ከሁሉም የሚመች ነው። የመቀመጫው ሥር ሽፋን ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እርሱ ተራ ሙጫም ተራ ቀለምም አይቀበልም። ቀለም ከመርጨትህ በፊት ለፖሊፕሮፒሊን የሚሆን ግልጽ አጣባቂ ቅብ ያስፈልገዋል፤ ቀለሙም በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ መከተል አለበት።

የኮንሶሉ መንጣት ምክንያቱ ኤቢኤስ ውስጥ ያለው የጎማ ክፍል፣ ቡታዳይን የሚባለው፣ በብርሃንና በኦክስጅን መበላሸቱ ነው። የተበላሸው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው ደህና ነው።

ፔጆ አፍቃሪ፦
ጣልቃ ልግባና፦ የኔ ፔጆ 504 ፕላስቲኮች ነጥተው ሳይሆን ከነጭ ግራጫ ወደ ቢጫ ተለውጠዋል። የድሮ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰዎች በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያነጡ አይቻለሁ። ለመኪናስ ይሆናል?

ሞለኪውል፦
ቢጫ ለሆነ ኤቢኤስ ይሠራል፤ ቀለሙ ፈካ ያለ ከሆነ ብቻ። የጸጉር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት 12 በመቶ ክሬም ተቀብቶ፣ እንዳይደርቅ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ብርሃን ላይ ይቀመጣል። ጓንትና መነጽር አይረሳ፤ ቆዳ ያቃጥላል። ክሬሙ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ ዥንጉርጉር ይሆናል። ቢጫነቱም ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የተሰባበረ ጥንካሬውን ደግሞ ጨርሶ አይመልስለትም። ለጥቁር ክፍል ምንም ጥቅም የለውም።

ጋሼ ትራፓኖ፦
ተመለስኩ። በክዳኑ ልጀምር፣ እርሱ ቀላሉ ነው።

ኤቢኤስ ከሆነ ሙጫ አትግዛ። ከዚያው ፕላስቲክ፣ ከማይታይ ጎኑ፣ ፍቅፋቂ ሰብስበህ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አሴቶን አፍስስበትና ክደነው፤ እያሳደርክ አማስለው፤ ወፍራም ቅባት ይሆንልሃል። የራሱ ፍቅፋቂ ካነሰህ የልጆች መጫወቻ የሆነው የሌጎ ጡብ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ከኤቢኤስ ነው፤ ጥቁሩን ፈልግ። የተሰበሩትን ሁለት ፊቶች በአሴቶን ነክተህ ገጣጥማቸው፣ ከዚያ ያን ቅባት ከጀርባ በኩል በስሱ ቀባው። በአንድ ጊዜ አታወፍረው፤ አሴቶኑ ሲተን ቅባቱ ስለሚጠብ ወፍራሙ ውስጡ አረፋ ይይዛል። በስሱ ቀብተህ፣ አድርቀህ፣ ደግመህ ቀባ። ማጠፊያ ጭነት ስለሚሸከም በመካከሉ ስስ የማይዝግ ሽቦ ወንፊት ቅበርበት። መበየጃ ብረት ካለህ ወንፊቱን በሙቀት ወደ ፕላስቲኩ እያሰመጥክ ማስገባት ትችላለህ፤ ሲለሰልስ ብቻ ተጫነው፣ ካጨሰ አልፏል። መስኮት ክፈት፣ እሳት አይቅረብህ።

አሁን ወደ ዳሽቦርዱ። ከመኪናው ማውጣት ከቻልክ አውጣው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውና መስታወት ሥር ተጎንብሰህ የምትሠራው እኩል አይወጣም።

መጀመሪያ ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ ፈልግ። ዓይንህ ካየው ጫፍ አልፎ ይሄዳልና በጣትህ ጫን እያልክ ተከተለው። ጫፉ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ ብሳ። ክብ ቀዳዳ ውጥረቱን ስለሚበትነው ስንጥቁ መጓዙን ያቆማል።

ቀጥሎ የተቀለበሰውን ከንፈር በስለታም ምላጭ አንሣው። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል፤ ተጭኖ ለማስተኛት ይሞክራል። አይተኛም። ቆዳው ጠቦ አጥሯል፣ ለሁለቱም ከንፈር የሚበቃ ቦታ የለውም። አንሥተህ፣ የሚረግፈውን ስፖንጅ ጤነኛው እስኪገኝ ጠርገህ፣ ሸለቆ አብጅለት፤ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ። የአቧራ ጭምብል አድርግ። በስንጥቁ ዙሪያ አንድ ሁለት ጣት ያህል ቆዳውን በ120 ብርጭቆ ወረቀት አሻክር።

መሙያው ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራ ተጣጣፊ ፖሊዩሬቴን ወይም ተጣጣፊ ኢፖክሲ ይሁን። ሸለቆው ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር ሙላ። መጨረሻው ከቆዳው በትንሹ ከፍ ይበል፤ ሲደርቅ በ120፣ ከዚያ በ240 አውርደው። ወረቀቱን በጣትህ ሳይሆን በጠፍጣፋ እንጨት ይዘህ ፍቅ፤ ጣት ለስላሳውን ቆዳ ይበላና መሙያውን ጉብታ አድርጎ ይተወዋል።

ቀዩ ናፍጣ፦
ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ክዳኑ ተሠርቷል፣ ይከፈታል ይዘጋል። ዳሽቦርዱንም እንዳሉት ሞላሁ። መብራት ሳበራበት ግን የተሞላው ቦታ ለስላሳ ሆኖ እንደ ጠባሳ ይታያል። የቆዳው ሽብሽብ የለውም።

ጥንት ጥንቱን፦
አላልኩም? የፋብሪካውን ሽብሽብ በእጅ የሚመልስ የለም።

ጋሼ ትራፓኖ፦
ይመለሳል ወዳጄ፣ ከዚያው ዳሽቦርድ ይገለበጣል። ከተሳፋሪው በኩል ያልተጎዳ ቦታ ምረጥ፤ ፀሐይ ብዙ ያልነካው ከሆነ ሽብሽቡ ጥልቅ ነው። በደንብ አጽዳው፣ ከዚያ ለቅርጽ መገልበጫ የሚሸጠውን ሁለት አካል ሲሊኮን በስሱ ዘርጋበት። ሲደርቅ ስትልጠው የሽብሽቡ ግልባጭ በእጅህ ነው፤ ብርሃን ላይ አዘንብለህ ብታየው እያንዳንዱ መስመር ጉብ ብሎ ይታያል።

አሁን በተሞላው ቦታ ላይ የመጨረሻውን ስስ የመሙያ ሽፋን ቀባ። መያዝ ጀምሮ ጣት ላይ ሳይጣበቅ ገና ለስላሳ ሲሆን ሲሊኮኑን መላቀቂያ ቅብ ነክተህ ጫንበት፤ እስኪደርቅ ሳትነካካው ተው። ጠርዙን ከዋናው ቆዳ ጋር ለማስማማት ግልባጩን ትንሽ ትንሽ እያዞርክ በቁራጭ አትም። አንድ ወጥ አድርገህ ካተምከው ዳር ድንበሩ ይለያል፤ ዓይን ደግሞ የሚይዘው ድንበሩን ነው።

ቀለም በልክ፦
ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ፣ የገለበጣችሁበትን ቦታ በደንብ ማጠብ እንዳይረሳ፤ ያ ሲሊኮን ነው፣ ቅድም ያባረርነው ጠላት።

ስለ ቀለሙ። ለፒቪሲና ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ተጣጣፊ ቀለም ውሰድ። ብዙዎቹ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ማቅለሚያ ነን ቢሉም፣ በአብዛኛው ከላይ የሚቀመጥ ስስ ተጣጣፊ ቀለም ናቸው። ስለዚህ ስስነቱ ነው ሥራው። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀህ፣ እጅህ ሳይቆም፣ የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ያህል ብቻ ይሁን፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ይታይ። እየደረቀ ሁለት ሦስት ዙር ጨምርበት። በአንድ ዙር ከሸፈንከው ሽብሽቡን ሞልተህ ጋሼ የደከሙበትን ሁሉ ትቀብረዋለህ።

መልኩን ከየት ትወስዳለህ? ከላይ ካለው አይደለም፣ ነጥቷል። ሽፋን ሥር ተደብቆ ፀሐይ ያላየውን ጠርዝ ፈልግና ከእርሱ ጋር አመሳስል። ድምቀቱም ይታሰብበት፤ የፋብሪካው ዳሽቦርድ ደብዛዛ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ ደግሞ በቀን መስታወቱ ላይ ይንጸባረቅና መንገድ ይጋርድብሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ሁለት አካል ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል አለበት። ተራ የአቧራ ጭምብል አያግደውም። ትክክለኛው መከላከያ ከሌለህ እርሱን ለባለሙያ ተውለት።

ሌሊት ገጣጣሚ፦
የተሰበሩ ክሊፖች ካሉህ ደግሞ በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ ማተም ይቻላል። በተለመደው የማተሚያ ፕላስቲክ፣ በፒኤልኤ፣ እንዳታትማቸው ብቻ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ አንድ ፀሐያማ ቀን ይበቃዋል። ኤቢኤስ ወይም የእርሱ ዘመድ የሆነውን ኤኤስኤ ተጠቀም፤ ኤኤስኤ ብርሃንም ይቋቋማል።

ፔጆ አፍቃሪ፦
የመቀመጫውን ሥር ሽፋን በሙቅ አየር መሣሪያ ጠበስ ቢያደርገው ጥቁርነቱ አይመለስም? ብዙ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ።

ሞለኪውል፦
ይመለሳል፣ ለጊዜው። የነጣው የላይኛው ሽፋን ቀልጦ ስለሚለሰልስ ብርሃን መበተኑን ያቆማል፤ ጥቁር ይመስላል። ሽብሽቡ ግን አብሮ ይተኛል፣ የሞቀውም ቦታ ካልሞቀው ተለይቶ ያብረቀርቃል። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው 160 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይተፋል። ለመቀመጫ ሥር ማን ያየዋል ካልክ ሞክረው፤ ለሚታይ ቦታ ቀለሙ ይሻላል።

ቀዩ ናፍጣ፦
ቀለሙ አለቀ። ከአየር መውጫዎቹ ጥግ የነበሩት ሁለቱ ስንጥቆች የት እንደነበሩ እኔም ፈልጌ አጣኋቸው። ከመስታወቱ ሥር የሚወርደው ግን ጎን ለጎን ስትመለከተው ትንሽ ያስታውቃል፤ እዚያ ቆዳው ራሱ ስለጎበጠ ይመስለኛል።

ጥንት ጥንቱን፦
ፎቶውን አየሁት። አሁንም የምለው ያው ነው፤ ነገር ግን እንደ ሥራ ሥራው ንጹህ ነው።

ቀዩ ናፍጣ፦
ከእርስዎ ይህን መስማት ብዙ ነው! አንድ ነገር ቀረኝ። የመለኪያ ሰሌዳው የፊት ፕላስቲክ ተጫጭሯል፤ መስታወት ማጽጃ ብቀባው ይጠራል?

ሞለኪውል፦
ተው። ግልጽ ሽፋኖች በአብዛኛው አክሪሊክ ናቸው፤ አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሲነካቸው ውስጣቸው የሸረሪት ድር መሰል ስንጥቅ ያወጣሉ። በሳሙና ውሃ አጽዳው፣ ከዚያ ለፕላስቲክ በተሠራ ማለስለሻ በለስላሳ ጨርቅ ፍቀው። ጭረቱ ጥፍርህን የሚይዝ ከሆነ በ1000፣ በ2000፣ በ3000 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካህ ውረድና በማለስለሻው ጨርስ። ቁጥሮቹ የተጻፉት ፕላስቲኩ ላይ ከሆነ ከውጭ በኩል ብቻ ሥራ።

ጋሼ ትራፓኖ፦
ሰሌዳውን ከማውጣትህ በፊት ይህን አንብብ። በ123 ላይ ሰሌዳውን የያዘው ብሎን አይደለም፤ በዙሪያው ባለው ጎማ ተጣብቆ ነው የተቀመጠው። በሁለት ጎን ስስ የሽቦ መንጠቆ አስገብተህ ግራ ቀኝ እያፈራረቅህ ሳበው፤ በካቻቢቴ እንዳትፈለቅቀው፣ አዲሱን ቀለምህን ትልጠዋለህ። ትንሽ ከወጣ በኋላ አትጎትት፤ የፍጥነት መለኪያው ገመድ ይይዘዋል፣ ከጀርባው እጅህን አስገብተህ ፍታው።

ከሁሉ በላይ ወደ ዘይት ግፊት መለኪያው የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ጠብቃት። በውስጧ የሞተር ዘይት አለ። ፕላስቲክ ናት፣ ዕድሜዋ ከመኪናው እኩል ነው፣ እንደ ዳሽቦርዱም ደርቃለች። ስትፈታት ጨርቅ ከሥሯ አድርግ፤ ጠንክራ ከተጣመመች ወይም ከተሰነጠቀች አብረህ ቀይራት። ሰሌዳውን መልሰህ ስታስገባ፣ እስከ መጨረሻው ከመግፋትህ በፊት ሞተሩን አስነሥተህ መጋጠሚያውን በጣትህ ዳስስ። ደረቅ ከሆነ ግፋው።